ግቢውን ይዞ ቤት መዋል፦ ለድሬዳዋ ቤተሰቦች የወረርሽኝ ጊዜ መመሪያ

ወረርሽኝ ሲነሳ «ከቤት አትውጡ» የሚለው ማሳሰቢያ ለሁሉም እኩል ይነገራል፤ ቤቱ ግን እኩል አይደለም። በድሬዳዋ፣ በተለይም በመጋላ፣ በገንደ ቆሬ፣ በለገሃሬና በመሰል ሰፈሮች፣ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ውስጥ ሲሆን ቧንቧውን፣ መጸዳጃ ቤቱንና የውጭ በሩን ከሌሎች አባወራዎች ጋር ይጋራል። የቆርቆሮው ጣሪያ ከረፋድ ጀምሮ ስለሚግል ቀን ቀን ክፍል ዘግቶ መዋል አይቻልም፤ ሲመሽ ደግሞ እራቱም፣ ጨዋታውም፣ በሞቃቱ ወራት እንቅልፉም ጭምር ደጅ ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ራሱን ከበሽታ ሊጠብቅ አይችልም፤ የሚጠበቀው ግቢው በሙሉ ሲጠበቅ ነው። ይህን ያላገናዘበ ምክር ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ይሠራ እንደሆነ እንጂ ለእኛ ብዙም አይጠቅምም።

በ2012 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፤ ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። እንደ አንዳንድ ሀገር በር ተቆልፎብን አልተቀመጥንም፤ ሆኖም ሥራው ቀዘቀዘ፣ ልጆች ቤት ዋሉ፣ ትራንስፖርቱ በግማሽ ጫነ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የበሽታው ጠባይ ይለያይ ይሆናል፤ የግቢው፣ የውሃውና የሙቀቱ ነገር ግን ያው ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፈውም በእነዚህ ላይ ያተኮረ ነው።

ከሁሉ በፊት የግቢው ስምምነት

በመጀመሪያው ሳምንት ከየቤቱ አንድ አንድ አዋቂ ሰው ወጥቶ፣ በጥላው ሥር ተራርቆ ቆሞ፣ በጥቂት ጉዳዮች ላይ መነጋገር ይኖርበታል። ሰው ከተሰላቸና ከተቀያየመ በኋላ እንዲህ ያለውን ስብሰባ መጥራት ይከብዳልና ቶሎ ማድረጉ ይበጃል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የውጭ በሩ ነው። ከበሩ ውስጥ ወይም ውጭ አንድ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይሰቀል፤ ጎኑ ላይ፣ ውሃው ከሚደርስበት ከፍ ብሎ፣ በጋለ ምስማር ይበሳ፤ አንገቱ ላይ የታሰረው ገመድ ታች ከተጋደመ እንጨት ጋር ይያያዝና እንጨቱ በእግር ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ ውሃውም በቀጭኑ ይወርዳል። በዚህ መንገድ የማንም እጅ ጀሪካኑን ሳይነካው ግቢው ሁሉ ይታጠብበታል፤ የሚፈሰውም ውሃ ጥቂት ነው። ሳሙናውን በሻሽ ወይም በአሮጌ ካልሲ ከትቶ ከጎኑ ማንጠልጠል ይቻላል፤ እንዲህ ሲሆን መሬት ወድቆ አሸዋ አይቅምም፣ ዶሮም አይጎትተውም።

ሁለተኛው ቧንቧው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን የግቢው ሰው በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሳይታወቅ ከሁሉ በላይ የምንጠጋጋበት ሰዓትም ይህ ነው። ጀሪካኖቹ ይሰለፉ እንጂ ሰዎቹ መሰለፍ የለባቸውም፤ አንድ ሰው ይቅዳ፣ የሞላውንም ባለቤቱ መጥቶ ያንሳ። የሚቀዳው ሰው በየሳምንቱ በየቤቱ እየተፈራረቀ ቢሆን ቅሬታ አይኖርም። ሦስተኛው መጸዳጃ ቤቱ ሲሆን፣ ዋናው ነገር የበሩ መሸጎሪያና የውሃ መቅጃው ጣሳ ናቸው፤ እነዚህ በቀን ሁለት ጊዜ በበረኪና ውሃ ይወልወሉ።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚዘለለውም እሱ ነው። ሰው ሲታመም ማን ለማን ይናገራል? በ2012 ብዙ ሰው ሳሉን ዋጥ ያደርግ የነበረው ጎረቤቱን ፈርቶ ነው፤ ከጅቡቲ የተመለሰ ዘመድ ያስጠጋ ቤት የሰፈሩ መነጋገሪያ እንዳይሆን ሲል ዝም ይል ነበር። ስለዚህ በስብሰባው ላይ ቃሉ አስቀድሞ ይሰጥ፦ ታምሜአለሁ ያለ ቤት አይገለልም፤ ገበያ የሚሄድለት ይህ ቤት ነው፤ ውሃውን የሚቀዳለት ያኛው ነው፤ ምግቡ ከበረንዳው ጫፍ ይቀመጥለታል። የሚረዳው ሰው በስም ካልተለየ የተባለው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል። አከራዩ በዚያው ግቢ የሚኖር ከሆነ የኪራዩም ነገር ገና ሳይቸግር ቢነሳ ይሻላል፤ በዚያን ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይን ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ተከልክሎ እንደነበር ማስታወስ ለንግግሩ መነሻ ይሆናል።

ቀኑን በሙቀቱ ልክ መክፈል

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ያለችው ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ስለተቀመጠች ሐረር ያለ ዘመድ በስልክ «ቤታችሁን ዝጉና ተቀመጡ» ቢል አይፈረድበትም። ለእኛ ግን ቀኑን እንደ መሥሪያ ቤት ከ2 እስከ 11 ሰዓት ተኩል አድርጎ መርሐ ግብር ማውጣት ጥል መጋበዝ ነው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የተሰጠ የሒሳብ ጥያቄ የልጁንም የእናቱንም ትዕግሥት ይጨርሳል።

የሚሠራው ክፍፍል የሚከተለው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ለከባዱ ነገር ሁሉ ይያዝ፤ ገበያው፣ ልብስ አጠባው፣ እንጀራ ጋገራው፣ የልጆቹ ጥናት በዚህ ውስጥ ይለቅ። ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ማንም ከማንም ብዙ አይጠብቅ፤ መስኮትና በር ከፍቶ፣ መጋረጃውን ውሃ ነክሮ፣ መተኛት ወይም ዝም ብሎ መጋደም ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ግቢው ውሃ ይረጭና ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሆጃው ወይም ሻይው ይፈላል፤ ቤተሰብም ቤተሰብ የሚሆነው ያኔ ነው። በዚህ ሰዓት እያንዳንዱ ቤት በየራሱ ምንጣፍ ላይ ሆኖ በሁለት ሜትር ርቀት እየተጨዋወተ ማምሸት ይችላል፤ አየር ስለሚዘዋወር ክፍል ውስጥ ከመታፈግ እጅግ የተሻለ ነው።

አንድ ወሬ እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል፤ «የድሬ ፀሐይ ኮሮናን ይገድለዋል» ይባል ነበር። አይገድለውም። በሽታው የሚተላለፈው በሰዎች ትንፋሽ አማካይነት በመሆኑ የአየሩ ሙቀት የቱንም ያህል ቢሆን ተጠጋግተው በሚያወሩ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም። ፀሐዩ የሚረዳን በሌላ መንገድ ነው፤ ደጅ ያወጣናል።

ውሃ ማጠራቀም፣ ትንኝም አለማርባት

በዚህ ርእስ ላይ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው፣ የድሬዳዋ ቤተሰብ በወረርሽኝ ጊዜ አንዱን በሽታ ሲሸሽ ሌላውን በገዛ እጁ ሊጠራ የሚችለው በዚህ በኩል ስለሆነ ነው። እጅ መታጠብ ሲበዛ ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሰው በርሜል፣ ጀሪካንና ሮቶ ይሞላል፤ የተሞላው ውሃ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ከሰነበተ ደግሞ ቀን የምትነክሰውን፣ ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈውን ትንኝ ያረባል። ከተማችን ሁለቱንም በሽታዎች ቀምሳቸዋለች፤ ደንጊ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ ኮሮና ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2011 መጨረሻ፣ ሰፈሩን ሁሉ መገጣጠሚያውን አሳምመው አስተኝተውታል።

ይህች ትንኝ በወንዝ ዳር ወይም በረግረግ አትራባም፤ የምትመርጠው ሰው ቤት የተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ነው። እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ እንቁላሉ ውሃው ተደፍቶ ቢደርቅም ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ውሃ ሲሞላበት ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን ደፍቶ እንደገና መሙላት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ግድግዳው በደረቅ ብሩሽ ወይም በቃጫ ተፈግፍጎ መታጠብ አለበት። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ነውና በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ቀኑ ግን ተለይቶ ይታወቅ፣ ለግቢውም ሁሉ አንድ ይሁን፤ የአንድ ቤት በርሜል ከተዘነጋ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል።

መኖሯን ማወቅ ቀላል ነው። ጠዋት በርሜሉን ከፍታችሁ ፊታችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ እጮቹ ከጥፍር ቁራጭ የማይበልጡ ግራጫ ነገሮች ሆነው ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ከውሃው ገጽ ላይ ተንጠልጥለው ታዩአቸዋላችሁ፤ የእጃችሁ ጥላ ሲያርፍባቸው እየተንፈራገጡ ወደ ታች ይጠልቃሉ፤ ትንሽ ቆይተውም ተመልሰው ይወጣሉ። ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት ይቻላል፤ ደስ እያላቸው ይሠሩታል። በርሜሉ ክዳን ከሌለው አሮጌ ነጠላ ወይም ሻሽ ዘርግቶ ከአፉ ዙሪያ በላስቲክ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ ውሃውም የሚቀዳው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ መልሶ በማሰር ነው። የመኪና ጎማ፣ የአበባ ጣሳ ማስቀመጫ ሳህን፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ እንዲሁም ከፍሪጅ ጀርባ ያለችውን ውሃ የምትጠራቀምበትን ትንሽ ሳህን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ትንኟ የምትነክሰው በአብዛኛው ቀን ስለሆነ አጎበር ለማታ ብቻ መሆን የለበትም፤ ከቀትር በኋላ የሚተኙት ሕፃናትና አዛውንትም ከአጎበር ሥር ይተኙ።

የከተማችን ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ኖራማ ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያችንን ያየ ሰው ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ውሃ ሳሙና ቶሎ አረፋ አያወጣም፤ ከዚህ የተነሳ ሰው ሳሙናው የማይሠራ እየመሰለው ቶሎ አለቅልቆ ይተዋል። አረፋው ቢያንስም እስከ 20 ሰከንድ ድረስ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር አሽቶ መታጠብ ያስፈልጋል።

ለመወልወያ የሚሆነው የበረኪና ውሃ ልኩ ይህ ነው፦ በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈበት በረኪና ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ፣ ይበቃል። ሲጨመር የበለጠ ይገድላል ብሎ መደፍደፍ ሳንባን ከማሳመምና ልብስን ከማበላሸት በስተቀር ትርፍ የለውም። ሙቀትና ፀሐይ ጉልበቱን ስለሚያጠፉት የዕለቱን ለዕለቱ መበጥበጥ፣ ጠርሙሱንም ከአልጋ ሥር ወይም ከሌላ ቀዝቀዝ ካለ ቦታ፣ ልጅ ከማይደርስበት፣ ማስቀመጥ ይገባል። ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ገበያና ጓዳ

ከየቤቱ ለገበያ የሚወጣው አንድ ሰው ይሁን፤ ያም ሰው ስኳርና ደም ግፊት የሌለበት፣ በዕድሜም ያልገፋ ይሁን። ከፊራ ገበያ በማለዳ ይሻላል፤ አትክልቱም ገና አልጠወለገም፣ ሰውም አልበዛም። በግቢ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ቤቶች ተራ ገብተው አንዱ ለሁሉ ቢገዛ የጉዞው ቁጥር ይቀንሳል፤ ዝርዝሩና ብሩ ግን ቀደም ብሎ በላስቲክ ተለይቶ ይሰጥ፤ በጎረቤት መካከል የሳንቲም ሒሳብ ከሚያመጣው ቅያሜ ያድናል።

በሙቀታችን ውስጥ ብዙ መግዛት ሁልጊዜ ጥበብ አይደለም። ቲማቲምና ቅጠላ ቅጠል ከሦስት ቀን በላይ አያድሩም፤ ዱቄት ይነቅዛል፤ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። በአንጻሩ ፀሐዩ ድርቆሽ ለማድረግ የሚስተካከለው የለም፤ የተረፈውን እንጀራ ቆራርሶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጥቶ ከላዩ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ለዝንብ ካልሰጡት ባጭር ጊዜ ይደርቃል፤ ፍርፍርም ሆኖ ለልጆች ቁርስ ይሆናል። ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝና ፓስታ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ያህል ከተያዘ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መሸመት የዕለት ገቢ ያለውን ጎረቤት ዋጋ ማስወደድ ነው። የባጃጅ ሹፌር፣ የጭነት ሠራተኛና የጉልት ነጋዴ የዕለቱን ካልሠሩ የዕለቱን አይበሉምና፣ ዕቁብ ያለው ግቢ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእንዲህ ያለው ቤት በስምምነት መስጠቱ ከምጽዋት ይልቅ ክብር ያለው መንገድ ነው።

ልጆች

ትምህርት ቤቶች የተዘጉት ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ነበር፤ የተከፈቱትም ደረጃ በደረጃ ነው። እንዲህ ረጅም ጊዜ እቤት የዋለን ልጅ ሙሉ መርሐ ግብር አስይዤ አስተምራለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ንባብና ሒሳብ ቢሠራ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት ቢከታተል፣ ከዚያ በኋላ ነፃ ቢሆን ይበቃዋል። ስልክ አንድ ብቻ ባለበት ቤት ታላቁ ልጅ ታናሹን ያስጠናው፤ ለሚያስጠናውም ልጅ ትምህርቱ በዚያው ይረጋለታል።

ድሬ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ይሰማሉ። ሁለት ሜትር ተራርቀው በየምንጣፋቸው የተቀመጡ ልጆች በየምሽቱ አንዱ ለሌላው በቋንቋው ተረት ቢነግር፣ እንቆቅልሽም ቢጠያየቅ፣ ዝግ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው የተሻለ ነገር ያገኛሉ።

ልጅ ሲሰለቸው የሚሄድበት ቦታ ደቻቱ ነው፤ የደረቀው የወንዝ አሸዋ ሰፊ ሜዳ ሆኖ ይታየዋል። በበልግና በክረምት ይህ ፈጽሞ አይፈቀድ። ዝናቡ የሚዘንበው ከበላይ፣ በደጋው ስለሆነ፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው እንደገደለ ልጆቹ ባይወለዱም ቤተሰብ ሊነግራቸው ይገባል።

በርጫ

ስለ በርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት ስለ መቃም፣ ዝም ብሎ የድሬዳዋን ቤት ኑሮ መጻፍ አይቻልም። መቃም ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፤ በወረርሽኝ ጊዜ ግን በር ዘግተው፣ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ ለሰዓታት እያወሩ፣ ከአንድ ጆግ እየጠጡ የሚቀመጡበት ክፍል ለትንፋሽ በሽታ የተመቸ ቦታ እንደሆነ አያጠራጥርም። የሺሻ ወይም የጋያ ቱቦ መቀባበሉ ደግሞ ለብቻው አደጋ ነው። መተው ለማይችል ሰው የሚመከረው፣ በረንዳ ላይ ወይም በግቢው ጥላ ሥር፣ የራሱን ጫት፣ የራሱን ብርጭቆና የራሱን ውሃ ይዞ መቀመጥ ነው፤ የጫቱ ትራፊ ገራባውም በየራሱ ላስቲክ ተሰብስቦ ይጣል። ከሁሉ በፊት ግን የጫቱ ብር ከምግቡ ብር ተለይቶ ይቀመጥ፤ ገቢ በቀነሰበት ወር የመጀመሪያው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ከምርቃና በኋላ በሚመጣው ድብርትና ለጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር ለሚጠጣው መጠጥ) በሚፈለገው ገንዘብም ይባባሳል።

የቤቱ ሥራ በማን ላይ ወደቀ?

ሁሉም ቤት ሲውል የሚበላው፣ የሚታጠበውና የሚጠረገው ይጨምራል፤ የሚሠራው እጅ ግን ያው የእናት ወይም የታላቂቱ ልጅ ነው። ባልየው «ልርዳሽ» ከሚል ይልቅ አንድ ሁለቱን ሥራ ሙሉ በሙሉ ቢረከብ ይሻላል፤ ለምሳሌ ውሃውንና የበርሜሉን አጠባ እሱ ይያዝ፣ የልጆቹን የጠዋት ጥናት እሱ ይምራ። እናትየውም በቀን አንድ ሰዓት ማንም የማይጠራት ጊዜ ይኑራት፤ ይህን ጊዜ አያት ወይም ታላቅ ልጅ ይጠብቅላት። ትንሽ ነገር ቢመስልም አንድ ጎረቤት ያደረገችውን መጥቀስ ይገባኛል፦ ለየቤተሰቡ አባል በየብርጭቆው እጀታ ላይ የተለያየ ቀለም ክር አሰረችና እያንዳንዱ የራሱን ብርጭቆ ራሱ እንዲያጥብ አደረገች፤ በሽታውንም ይከላከላል፤ «ይህ የማን ነው?» የሚለው ጭቅጭቅም ቀረ።

ጠቡ ከቃል አልፎ እጅ ወደ ማንሳት ከደረሰ፣ ቤት መዋል የሚለው መመሪያ ለተመታችው ሴት ወይም ለተመታው ልጅ አይሠራም። ወደ ጎረቤት፣ ወደ ዘመድ ወይም ወደ ፖሊስ መውጣት አለባቸው፤ የግቢውም ሰው «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ በሩን መዝጋት የለበትም።

ለቅሶ፣ በዓልና እንግዳ

በ2012 ፋሲካም ረመዳንም የዋሉት በዚያው በጭንቁ ሰሞን ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11፣ የረመዳን መያዣ ደግሞ ሚያዝያ 16። የአፍጥር ሾርባና ሳምቡሳ በር ለበር በሳህን ማዳረስ ይቻላል፤ ሳህኑ ግን በዚያው ቀን ባይመለስ ይሻላል። እንግዳ በር ላይ ሲመጣ መመለስ ለእኛ ሰው ነውር ስለሆነ፣ አስቀድሞ አንድ ወንበር ከውጭ በሩ አጠገብ ማውጣት ነው፤ «እማማ፣ እዚህ ነፋሱ ጥሩ ነው፣ እዚሁ እንቀመጥ» ቢባሉ ቅር የሚላቸው እናት የሉም። ለቅሶ ከሆነ የዕድሩ ወይም የአፎሻው ሰብሳቢ ገንዘቡን ለሟች ቤተሰብ በአንድ እጅ ያድርስ፤ ሌላው በስልክ ያጽናና፤ ድንኳን ከተተከለም ጎኑ ሁሉ ተገልጦ ይተከል።

ቤት ውስጥ ሕመም ሲገባ

ትኩሳት ሲመጣ ወዲያው ኮሮና ነው ብሎ መደምደም፣ ወይም በተቃራኒው «ወባ ነው፣ ያልፋል» ማለት፣ ሁለቱም ያሳስታሉ፤ በከተማችን ወባ፣ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያና ኮሮና በትኩሳትና በራስ ምታት ይጀምራሉ። ደረቅ ሳልና የሽታ መጥፋት ወደ ኮሮና ያዘነብላሉ፤ ጽኑ የመገጣጠሚያ ሕመም ወደ ቺኩንጉንያ፤ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና ሽፍታ ወደ ደንጊ። ይሁን እንጂ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። እስኪለይ ድረስ ለትኩሳት ፓራሲታሞል በእሽጉ ላይ ከተጻፈው መጠን ሳይበልጥ ይወሰድ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን አይወሰዱ፤ ሕመሙ ደንጊ ከሆነ ደም ሊያስፈስሱ ይችላሉና። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለጉሮሮ ያጽናኑ ይሆናል እንጂ ቫይረሱን አይገድሉም፤ የፈላ ውሃ እንፋሎት መታጠን ግን በተለይ ልጆችን ያቃጥላል።

ክፍል ለብቻ ከሌለ ሕመምተኛው በረንዳ ላይ ወይም በግቢው ጥግ በመጋረጃ ተከልሎ አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ በሞቃቱ ወራት ይህ ከክፍሉ ይሻለዋል። ክፍል ውስጥ ከሆነ መስኮቱ ይከፈት፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ወደ እሱ እግር አድርገው ይተኙ። የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ። በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ምክር ሕመሙ ከጀመረበት ቀን ቢያንስ 10 ቀን፣ ከዚያም ያለ ምንም ምልክት ሦስት ቀን ተጨምሮ ራስን መለየት ነበር።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ባለበት ቤት መብራት በሄደ ቁጥር መደንገጥ አያስፈልግም። በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማኖር ነው፤ ጠርሙሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በውስጠኛው ማሰሮ ይቀመጣል፤ አሸዋውም ጠዋትና ማታ ይርጠብ። ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 4 ሳምንት ይቆያሉ፤ የየዓይነቱን ልክ ግን ፋርማሲው ይናገራል። የደም ግፊትም የስኳርም መድኃኒት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይገዛ።

ሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን አጥብቆ ከጫነው፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሰዓቱን ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ሕፃን ወይም አዛውንት መጠጣት ካቆሙም እንዲሁ። በባጃጅ ከተሄደ ሕመምተኛውና አስታማሚው ብቻ ከኋላ ይቀመጡ፤ የጎኑ ሸራ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ለሹፌሩም የሚወሰደው ታማሚ መሆኑ ሳይደበቅ ይነገረው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደረስ አስታማሚው ቀድሞ ወርዶ ለዘበኛው ወይም ለነርሷ ይንገር፤ ሕመምተኛው ወደ ተራ መጠበቂያው ሳይገባ እዚያው ባጃጁ ውስጥ ይቆያቸው። መታወቂያውን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን የተጻፈበት ወረቀትና አንድ ጠርሙስ ውሃ በአንድ ፌስታል አድርጎ በር አጠገብ አስቀድሞ መስቀል በሌሊት ከሚሆነው መራወጥ ያድናል።